ቀይ ሥጋ፣ ነጭ ሥጋ

እናታችን ስታርፍ አሠሪዬ እትዬ ታናሽ ወንድሜን ቦሌ አምጥቼ ከጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል እንዳኖረው ፈቀዱልኝ። የእግሩ ባት ወፍራም ስለነበር የሰፈሩ ልጆች "ኳስ ተጫዋቹ" ይሉታል። መሮጥ ግን አይችልም። ከመሬት ሲነሳ እጁን መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ እያስደገፈ፣ የራሱን ገላ እንደ መሰላል እየወጣ ነበር የሚቆመው። እኔ ሲያድግ ይተወዋል እል ነበር።

የእትዬ ወንድም ከውጭ አገር ለእረፍት መጡ። ዶክተር ናቸው። "ወንድሜ ሰው አያክምም፣ አይጥ ነው የሚያክመው" እያሉ እትዬ ይቀልዱባቸዋል። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ምሳ ሲበሉ ወንድሜ ከደረጃው ሲነሳ አዩትና እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ።

"እስቲ ቁጭ በልና እንደገና ተነስ" አሉት።

ተነሳ።  ዶክተሩ ወደ እትዬ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቅዳሜ በደንብ ልየው" ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ የሳሎኑን ጠረጴዛ ስወለውል አንድ ፎቶግራፍ አየሁ። ክብ ክብ ነገሮች እንደ ድንጋይ ንጣፍ ተጠጋግተዋል፤ ገሚሶቹ ሰማያዊ፣ ገሚሶቹ የገረጡ።

"የአይጥ ጡንቻ ነው" አሉ ዶክተሩ ከኋላዬ።

ደንግጬ ወደ ማድ ቤት ገባሁና የጀመርኩትን ዶሮ መበለት ቀጠልኩ። ተከትለውኝ መጥተው ጭኑን በጣታቸው አመለከቱ።

"ይሄ ቀይ ነው፣ ደረቱ ነጭ። ቀዩ ቀኑን ሙሉ ለመቆም ነው፣ ነጩ ደግሞ ለድንገተኛ ሩጫ። በእኛም እግር ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው አሉ። የታመመ ጡንቻ በዘር የሚወረስ አንድ ትእዛዝ ይጎድለዋል። እሱን ልናስገባለት ነው የምንሞክረው። ትእዛዙ እንዲሠራ ግን ማብሪያ ይፈልጋል፤ ማብሪያውን ከቫይረስ እንወስዳለን። የበራበት ቦታ ሰማያዊ ይሆናል።"

"ከቫይረስ?"

"ጎበዝ ማብሪያ ያለው እሱ ነው። ችግሩ፣ ነጩ ላይ ይበራል፣ ቀዩ ላይ እምቢ ይለናል።"

በዚያን ጊዜ ቫይረስ ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ በየለቅሶው ስሙ ሳይጠራ የሚታለፈው። ቅዳሜ የወንድሜን ባት ወግተው ያንን ሊያስገቡበት ነው ብዬ ደመደምኩ።  ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ሰው፣ በሰው ቤት የማድር፣ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? በኋላ አንድ ነገር ታሰበኝ። ጠበል የያዘ ሰው መርፌ አይወጋም፤ ይህን እትዬም ያውቃሉ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አዝዬው በገርጂ በኩል ወዳለ ጠበል ወሰድኩት። ውሃው ሲያርፍበት እግሩ ከዳውና ወደቀ። አጥማቂው በብብቱ ይዘው አነሡት። መርፌውን ብቻ እየፈራሁ ስለነበር አወዳደቁን ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ዶክተሩ ሲያስጠሩን ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሳ "ጠበል ይዟል፣ መርፌ አይሆንም" አልኩ።

"ከያዘማ አይነካም፤ አንተም ተወው" አሉ እትዬ።

"የምን መርፌ?" አሉ ዶክተሩ።

"ያ ሰማያዊው። ቫይረሱ።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እሱ እኮ ለአይጥ ነው። ከቫይረሱም የወሰድነው ማብሪያውን ብቻ ነው፣ በሽታው የለበትም። የወንድምሽም ጡንቻ፣ አነሳሱን ሳይ፣ እንደ አይጡ የታመመ ነው፤ ለሰው የሚሆን መርፌ ግን የለኝም።"

ትንፋሼ መለስ አለ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ያዘኝ።

"መርፌ ከሌለ ታዲያ ለሱ ምን አለ?"

 እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"አሁን ምንም የለም" አሉ ዶክተሩ። "አይጡም ላይ ቢሆን ሁሉም ጡንቻ አልበራልንም።"

"ይብስበታል?"

"ይብስበታል።"

ተንበርክከው የወንድሜን ተረከዝ በመዳፋቸው ያዙና የእግሩን ጣቶች ቀስ ብለው ወደ ላይ ገፉ። "ጅማቱ እንዳያጥር ጠዋት ጠዋት እንዲህ አድርጊለት።"

"እታለም፣ አይወጉኝም አይደል?" አለኝ ወንድሜ።

"አይወጉህም።"

በደስታ ሳቀ። እንዳሳዩኝ ተረከዙን ያዝኩና ገፋሁ። አበርትቼው ኖሮ፣ "ቀስ" አለኝ።