«ማዚ» ያለችኝ ታማሚ

ድሬዳዋ የቋንቋ መምህርት ሆኜ በተቀጠርኩበት ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማስረጃዬን አገላብጠው ፈገግ አሉ። ታንዛኒያ ያጠናሁት ስዋሂሊ የሚገኝበትን የባንቱ ቋንቋዎች ቤተሰብ አመዳደብ ነበር።

«ልጄ፣ እዚህ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ ነው ያለው። ባንቱ ምን ይሠራልሻል?»

«ለማስተማር ይሆነኛል» አልኳቸው።

ለዓመታት አስተማርኩ። ዘዴው ቀላል ይመስላል። የየቋንቋውን ቃላት ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፤ የአንዱ ድምፅ በሌላው ውስጥ በወጥነት በምን እንደሚተካ እናያለን። የአንድ ቃል መመሳሰል ግን ዝምድናን አያረጋግጥም።

አንድ ቀን ስዋሂሊ እንደምችል ሰምተው ከሆስፒታል ደወሉልኝ። ሐሊማ የምትባል ከደቡብ ሶማሊያ የመጣች ሴት የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተዘጋጅቶላት ነበር። ሶማልኛዋ ለሰላምታ ያህል ብቻ ነው።

«መርፌውን ስናሳያት እምቢ ትላለች» አለኝ ሐኪሙ። «ስዋሂሊ ነው ብለውን ከቀፊራ ገበያ ነጋዴ አስመጣን። እሱም ግማሹ አይገባኝም አለ።»

አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ውኃ ስትጠይቅ «ማዚ» አለች። በስዋሂሊ «ማጂ» ነው። ስም በስዋሂሊ «ጂና» ነው፤ ስሟን ስጠይቃት ግን «ዚና» ብላ ጀምራ ነገረችኝ። ሁለቱም ጋ «ጂ» የነበረው «ዚ» ሆኗል። ሌሎችም ቃላት ጠየቅኳት፤ መልሶቿ ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ አመሩ።

የምትናገረው ሴውታ ከሚባለው የባንቱ ንዑስ ምድብ የሆነውን ዚጉላ ነው፤ ድሮ ከታንዛኒያ በባርነት ወደ ደቡብ ሶማሊያ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ዛሬም ይናገሩታል። የስዋሂሊ ዘመድ ነው እንጂ ስዋሂሊ አይደለም።

ታንዛኒያ ያለች፣ አፏን በዚጉላ የፈታች የትምህርት ጓደኛዬ ዛይናብ ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሐሊማ የዛይናብን ሰላምታ እንደሰማች ከትራሷ ቀና አለች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሳታቋርጥ አወራች፤ ሳቀችም፣ አለቀሰችም።

ዛይናብ በስዋሂሊ ነገረችኝ፤ እኔም ለሐኪሙ በአማርኛ አልኩት፦ «ቀዶ ሕክምናውን አልጠላችም። ድሮ ፔኒሲሊን ተወግታ ጉሮሮዋ አብጦ ልትሞት ነበር። እሱን አትውጉኝ ነው የምትለው።»

ሐኪሙ የመድኃኒት ትዕዛዙን አየ፤ ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ መርፌ ነበረበት። እዚያው ሰረዘና ሌላ መድኃኒት ጻፈ።

«አቦ ቲቸር፣ አተረፍሻት!» አለች ነርሷ ትከሻዬን ይዛ።

ሐሊማ በሰላም ታክማ ወጣች። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም።

ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህን ነው። ዘመዳሞች የሆኑ ቋንቋዎች አንድ ቋንቋ አይደሉም። ለታማሚ አስተርጓሚ ስትፈልጉ መጀመሪያ ቋንቋው የትኛው እንደሆነ አጣሩ።