እየዘለሉ ማንበብ

ሴት ልጄ ቁጭ ብላ ፊደል ስታይ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እየዘለለች የተማረችውን ግን አትረሳም። ስለዚህ በደርግ ዘመን፣ ሆሳዕና በነበረው ግቢያችን፣ ፊደሎቹን መሬት ላይ በአመድ ጽፌ እያዘለልኩ አስተምራት ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው መጡ። ጴንጤዎች ስለነበርን፣ አንድ ጎረቤት «ግቢያቸው የምስጢር ስብሰባ ምልክት አለ» ብሎ ጠቁሞ ኖሯል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ወደ መሬቱ እያመለከቱ።

«ፊደል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

ልጄ እየዘለለች ከሀ እስከ ሆ አነበበችላቸው። አላመኑም።

«ሌላ ሰው ሲዘልም እንደዚሁ ይነበባል?»

«ይዝለሉና ይዩት» አለቻቸው።

ሽጉጣቸውን በእጃቸው ደግፈው ዘለሉ። አምስተኛው ፊደል ላይ ተሳሳቱ።

«ከመጀመሪያው!» ብላ ጮኸችባቸው። ጥበቃዎቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሊቀመንበሩ ግን ተመልሰው ሀ ላይ ቆሙ።

በሦስተኛው ሙከራ ሆ ላይ ሲያርፉ ላባቸውን ጠርገው፣ «ፀረ አብዮት ነገር የለበትም» ብለው ወሰኑ።

በማግስቱ ያለ ጥበቃ ብቻቸውን መጥተው በሩን አንኳኩ።

«ከለ እስከ ሎ ያለው መስመርም መጣራት አለበት» አሉ።