የበሩ ጥግ ተሳፋሪ

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ የተሳፈረችው ልጅ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከመቀመጧ በፊት በሩን ከውስጥ ሁለቴ ከፍታ ዘጋችው።

«መኪናውን ልትገዢው ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

እሷ ግን በሩ ጥግ፣ ከእማማ የሻረግ ጎን ተቀመጠች። እማማ የሻረግ አጠገባቸው ያለውን ሰው ሳያጫውቱ መንገድ አይገፋላቸውም። እስከ ጣቷ የወረደውን እጅጌዋንና ከሥሩ ብቅ ያለውን የተቃጠለ ቆዳ አዩ።

«ምን አገኘሽ፣ ልጄ?»

«ልብስ ፋብሪካ ስሠራ እሳት ተነሣ፣ እማማ። በሩ ተቆልፎብን ነበር።»

«ሰው ውስጥ እያለ?»

«ሸሚዝ እንዳይሰረቅ ነዋ! ለውጭ አገር የሚላክ ነው።»

እማማ የሻረግ አማተቡ። «አሁንስ ወዴት ነሽ?»

«ወደዚያው። ታናሽ እህቴን ላስወጣት ነው።»

«እሺ ትልሻለች?»

«እንጃ፤ ‹ባንቺ ማሽን ላይ እኔን አስቀመጡኝ› ብላ በደስታ ነው የደወለችልኝ።»