በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው ኪኒን

አስቻለች የልጇን የዮፍታሔን ኪኒን የምትይዘው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው፤ ድሮ ሳንቲሟን በምትቋጥርበት ጫፍ። ከዮፍታሔ እጅ የወሰደችበት ምክንያት ነበራት። ጥር ላይ «ሰለቸኝ» ብሎ መዋጡን ሲተው አስሙ ተነሣበት። ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ላይ የሚኒባሱን መሪ አቅፎ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሰው ተሸክሞ ነው ጤና ጣቢያ ያደረሰው። የዚያን ቀን የከንፈሩን መጥቆር አይታለች። ልጅ እያለም እንዲሁ ነበር። መስከረም ጠብቶ ሣሩ ሲያብብ ደረቱ እንደ ወናፍ ያፏጫል፤ እሷም በጋቢ ጠቅልላ፣ አዝላው ያንን ዳገት ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ያኔ ጀርባዋም ጉልበቷም ነበር። አሁን ጎልማሳ ሾፌር በምን ይታዘላል?

«በአፍህ የምትስበውን የአስም መድኃኒት አንተ ያዝ። የአለርጂውን ኪኒን ግን እኔ ቆሜ አስውጥሃለሁ» አለችው።

ሁዳዴ ገባ። ኪኒኑ ከምግብ በኋላ ነው የተባለው፤ ዮፍታሔ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምስም። እሷም በባዶ ሆዱ እንዳይሆን ብላ፣ የጾም መፍቻው ሰዓት ሲደርስ ምሳውን ቋጥራ ተራው ድረስ ትወርዳለች። ጋቢና ውስጥ ይበላል፤ የነጠላዋን ጫፍ ትፈታለች፤ ይውጣል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር አፌን ያደርቀዋል። ዐይኔንም ይከብደኛል።»

«ጾሙ ነው። ጾም ያላደከመው ማን አለ?»

«በቃ፣ ዶክተር ሆነሽ ቀረሽ!»

«ዋጥ ብዬሃለሁ!»

አንድ ዓርብ እንጦጦ ማርያምን ልትሳለም ከእሱ ጋር ወጣች። እዚያው ላይ በላ፣ ዋጠ። ሰው ጭነው መውረድ ጀመሩ፤ እሷም ጋቢና ከጎኑ ተቀምጣለች።

ቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ማርሹን ይዞ የነበረው እጅ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሕፃን እጅ ረገበ። ቀና ብላ ፊቱን አየች። ዐይኑ ተከድኗል። መኪናዋ ዳር ዳሩን፣ ወደ ቦዩ መሳብ ጀመረች።

«ሾፌር!» አለች ከኋላ ሩታ የምትባል ጋቢ ነጋዴ። «ስትነቃ ወራጅ አለ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። አስቻለች አልሳቀችም። ልጅ ሆኖ ቅዳሴ ላይ ሲያንቀላፋባት እንደምታደርገው፣ ጭኑን ያዘችና ባላት ኃይል ቆነጠጠችው።

«ዮፍታሔ!»

ብንን ብሎ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ጮኸ፤ ሰው እርስ በርሱ ተላተመ፤ መኪናዋ ቦዩ አፍ ላይ ቆመች። የሚስቅ አልነበረም።

«ኧረ በእናትህ!» አለች ሩታ። «ቤት ልጆች ጥዬ ነው የወጣሁት!»

ዮፍታሔ ወርዶ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ሌላ ታክሲ አስቁሞ አሳፈራቸው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አላፊው መኪና ያስነሣው አቧራ ገና ካሁኑ ደረቱን ማስፏጨት ጀምሯል።

«ካልዋጥኩት ትንፋሼ ይሄዳል» አላት። «ከዋጥኩት ሰው እገድላለሁ። የቱን ልተው፣ እማዬ? አንቺ ንገሪኝ።»

የነጠላዋን ቋጠሮ ጨበጠች። ልጄን ያቆየልኛል ያለችው ቋጠሮ ነው። መኪናዋን ቡሽራ የሚባል ሾፌር ጓደኛው መጥቶ አወረደላቸው፤ ዮፍታሔን መሪ አላስነካችውም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ቤዛብሕ የሚባለው የመድኃኒት ባለሙያ ኪኒኑን ገልብጦ አየና፣ «መቼ መቼ ነው የሚውጠው፣ እናቴ?» አላት።

«ጾሙን እንደ ፈታ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይነዳል።»

ቤዛብሕ ደነገጠ። «ይሄኛው እኮ እንቅልፍ ያመጣል! ማታ ሊተኛ ሲል ነው የሚወሰደው። ሾፌር መሆኑን ማን ነገረን?»

ማንም አልነገረም። እሷ ስለ ትንፋሹ ስታወራ፣ እሱ ሲያፍር፣ ስለ ሥራው ሳይነሣ ቀርቷል። ቤዛብሕ የላካቸው ሐኪም ኪኒኑን እንቅልፍ በማያበዛ ቀየረለት፤ አዲሱም ቢሆን እንዴት እንደሚያደርገው ቤት ሆኖ ሳያይ መሪ እንዳይዝ፣ በአፍ የሚስበውንም እንዳያቋርጥ አስጠነቀቀው።

ጥቂት ቀን ቤት ዋለ። አዲሱን ኪኒን ራሱ ያስቀምጣል፤ ማታ ማታ ይውጣል። ዐይኑ ጠራ፤ ደረቱም ዝም አለ። ወደ ሥራ በተመለሰ ቀን አስቻለች ማንም ሳይጠራት ጋቢና ገብታ ተቀመጠች። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዐይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።

«እማዬ፣ እኔን ተዪኝና መንገዱን እዪ» አለ እየሳቀ።

«መንገዱን አንተ እይ» አለችው። «እኔ አንተን አያለሁ።»