አለቃዬ ያላረመችው ስህተት

ሃያ ሁለት ዓመት ፍስሐ ገነት ከተማ አስተምሬ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ ዲላ ላይ ጀማሪ ነርስ ሆንኩ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ "ሙያውን ስለምወደው" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤቴን አስታምሜ ከቀበርኩት ወዲህ የምወደው ነገር አልነበረም። ቁስል ማጠብ ግን ለምጄ ስለነበር የለመድኩትን ቀጠልኩ።

የተመደብኩበት ክፍል ኃላፊ አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች። በር ላይ ስታየኝ "ቲቸር!" ብላ ብድግ አለችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አለቃዬ ቆማ፣ እኔ ተቀምጬ፣ ሥራዬን አስረዳችኝ። ሌሎቹን ጀማሪዎች ሲያጠፉ ትቆጣቸዋለች፤ እኔን ግን "ቲቸር፣ ካልደከመዎት" ትለኛለች። ሽበቴን የሚያዩ አስታማሚዎችም እሷን አልፈው እኔን ያማክሩኛል። አንድም ቀን "እኔ ገና ጀማሪ ነኝ" አላልኩም። ሽበትም ዲፕሎማ ነው እንግዲህ።

በሦስተኛው ሳምንት ከባንኮ ጎቲቲ አንድ አዛውንት መጡ። የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተዋል። ጠንካራውን ግሉኮስ በቀኝ እጃቸው መስጠት ጀመርኩ። መርፌው ከደም ሥሩ እየወጣ ኖሯል። እኔ ፊታቸውን እንጂ እጃቸውን አላየሁም። ኃላፊዋ ከአልጋው ማዶ ቆማ እጃቸው ሲያብጥ አይታለች። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ጉንፋን የያዛት መሰለኝ። ግማሹ መድኃኒት ነፍሳቸውን መለሰላቸው፣ ግማሹ ከቆዳቸው ሥር ፈሰሰ፤ ከደም ሥር ከወጣ ደግሞ ሥጋ ያቃጥላል።

ኋላ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ቲቸርን በሰው ፊት እንዴት አርማለሁ? አሁን ያዩታል፣ አሁን ያዩታል እያልኩ ነው" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን የእጃቸው ጀርባ ጠቆረ፣ ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ። ቀኝ እጃቸው ነው፤ ቡና ለቅመው የሚያድሩ ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸው "ማነው የወጋው?" ብላ ስትጮህ ኃላፊዋ "እኔ ነኝ" አለች። ልጃቸው አፏ እንዳመጣላት ሰደበቻት። እኔ የቁስል ማጠቢያውን ሳህን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም አልኩ። ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ኀፍረቱን ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ሰዓቱ ሲደርስ ምሳዬን በላሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን እጅ በየጠዋቱ አጠብኩ። አዛውንቱ ባጠብኳቸው ቁጥር ይመርቁኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ፊቴ አይለወጥም፣ ውስጤም አይለወጥም። የተማሪ ደብተር ሳርም እንኳ ከዚያ የበለጠ ይሰማኝ ነበር።

በሚወጡበት ቀን ልጃቸው ኃላፊዋን እከሳለሁ አለች። ለአስተዳደሩ አመልክታ ከሥራ ሳታስወጣት ወደ አገሯ እንደማትመለስ ማለች። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ።

"አባትሽን የወጋኋቸው እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ፀጉሬን አየች፣ ፊቴን አየች። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ሳመችኝ።

"አይ እማማ፣ እሷን ለማዳን ብለሽ ነው። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ እንዲህ አታደርጊም።"

ደግሜ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ኃላፊዋን ገላምጣ ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ሄደች። ልከተላት ስነሳ ኃላፊዋ የጋውኔን እጅጌ ያዘች።

"ይተዉት ቲቸር። እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ሌላ ቦታ ይቀጥሩኛል። እርስዎን በዚህ ዕድሜዎ ማን ይቀጥርዎታል?"

እውነቷን ነበር። አልሄድኩም።