የሐጁ ሾፌርና የእኛ ዩኒቨርሲቲ

በካርቱም አርካዊት ሰፈር ባለች ትንሽ የግል ዩኒቨርሲቲ በሙዲሩ፣ በዋናው አስተዳዳሪ፣ ወንበር ላይ በተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ቀን መብራት ጠፋ። ዲኑ ሻማ ፍለጋ ሲሯሯጡ እኔ መስኮቱን ከፈትኩት። ያን ዕለት ሁሉም ሰው ማን እንደሚመራ አወቀ።

ወንበር ላይ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ አስተማሪውም ተማሪውም ጎበዝ ስለነበሩ ብዙ አልፈጀም። ለዓመታት የሬጅስትራሩ አስተርጓሚ ነበርኩ። የቀድሞው ሙዲር ለሕክምና ካይሮ ሄደው ሲቀሩ ባለቤቶቹ እኔን ሾሙ። ሌላ እሺ የሚል ሰው ጠፍቶ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ።

በዚያው ዓመት የሚረዳን ድርጅት እጁን ሰበሰበ። ናፍጣም ጠፋ። የነርሲንግ ክፍል ኃላፊዋ ከድጃ፣ የወሎ ልጅ፣ ቢሮዬ ገባች።

«ጋሼ፣ ደመወዝ ካልተከፈላቸው ከረመዳን በኋላ መምህራኑ አይመጡም። የመጨረሻ ዓመት ልጆቼ ሳይፈተኑ ሊበተኑ ነው።»

«እኔ እያለሁ አይበተኑም።»

«እስቲ እርስዎን ጄኔሬተሩ ውስጥ እንጨምርና ይነሣ እንደሆነ እንይ።»

ያሰብኩት ሐጅ ዑስማንን ነበር፤ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ጡብ የሚያስመርቱ ሀብታም ናቸው። ጸሐፊያቸው ግን በሄድኩ ቁጥር «ነገ ኢንሻአላህ» እያለ ይመልሰኛል።

መላ አመጣሁ። ካርቱም ውስጥ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት መንገድ ዳር ሰሌን ይነጠፋል፤ መኪና ይቆማል፤ የተጋበዘ ሰው ሳይቀምስ ቢሄድ ነውር ነው። የሐጁ ነጭ መኪና ደግሞ በዚያ ሰዓት በደጃችን ያልፋል። ከድጃ ፉል አሠራች፤ ሁዳዴ የያዙት መምህራንም አብረውን ተቀመጡ። መኪናው ሲመጣ መሀል መንገድ ገባሁ።

«ወላሂ ሳትወርዱ አታልፉም!»

የወረደው ሾፌሩ አደም ብቻ ነበር። ሐጁን ከሱቅ ሊያመጣ መሄዱ ነው። በላ፣ ደገመ፣ አመሰገነ። በማግስቱ ሳናስቆመው ቆመ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሁላችን ቀድሞ ሰሌኑ ላይ ይገኝ ጀመር።

«ሐጁን አጠምዳለሁ ብለው ሾፌራቸውን ቀለቡ» አለች ከድጃ።

አንድ ቀን አዛኑ ሳያልቅ አንድ ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ እየተንገጫገጨ መጣ። ሐጁ አቧራ ለብሰው ወረዱ።

«አደም! እኔ ሱቅ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ አንተ እዚህ ትጎርሳለህ?»

እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ስለ ቤተ ሙከራችን ስጀምር «ሙዲር፣ መጀመሪያ ልብላ» አሉኝ። ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

የተናገረው አደም ነው። «ሐጅ፣ እነዚህ ልጆች ነርስ ሊሆኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ሳይፈተኑ ሊዘጋባቸው ነው።»

ሐጁ ወደ ከድጃ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እስከ ፈተናው ብቻ ቢይዙን ይበቃናል።»

እጃቸውን ታጠቡ። «ናፍጣውንና ደመወዙን እስከ ፈተናው እኔ እችላለሁ። ግን ሾፌሬን መልሱልኝ።»

ልጆቹ ተፈተኑ። ከድጃ የአጋጣሚ ነገር ነው ትላለች፤ እኔ ግን ከመነሻው ያሰብኩት እንደዚያው ነበር።

ባለሀብት የምትፈልጉ ወጣት ሙዲሮች፣ መጀመሪያ ሾፌሩን አብሉ። ሰውየው ሲመጣ ዝም በሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።