ይርገዱ በአራስነቷ ሥራ ለወጠች

የይርገዱ ዓለምነው ጣቶች ፈጣኖች ነበሩ፤ ምላሷ ግን ይቀድማቸዋል። እኔ መዝገብ ቤት፣ እሷ ከአጠገቤ ባለችው ጠባብ ክፍል ታይፕ ላይ ሆነን፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዓመታት አብረን ሠርተናል። ሰዎች መሥሪያ ቤታችሁ ምን ያመርታል ሲሉን «ሪፖርት» እንላቸው ነበር። ውሸትም አልነበረም።

1976 ዓ.ም. ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው ተብሎ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ይጽፋል። ኃላፊያችን ጓድ ዳኛው ስለ ዶሮ እርባታ ሲጽፍ እንኳ ኢምፔሪያሊዝምን በደንብ ሳይረግም ዶሮዋ ዘንድ አይደርስም። ያንን ሁሉ የምትመታው ይርገዱ ናት። እርጉዝ ነበረችና ሆዷ በገፋ ቁጥር ወንበሯን ወደ ኋላ እየሳበች፣ በመጨረሻ እጇን እንደ ለማኝ ዘርግታ ነበር የምትመታው።

«ይህ ልጅ አፉን ሲፈታ የመጀመሪያ ቃሉ ‹ይውደም!› ነው» ትለኝ ነበር።

በጥር ወንድ ልጅ ተገላገለች። ባሏ ካሣዬ አይከል ከተማ አስተማሪ ስለሆነ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። እናቷ ከኮላ ድባ ቅቤና የገብስ ዱቄት አስጭነው ሊያርሷት መጡ። ሕፃኑ ገና ክርስትና ሳይነሣ ጓድ ዳኛው እኔን ጠርቶ፣ «አስቸኳይ ንግግር አለብኝ፤ ለአንድ ቀን ብቻ ብቅ ትበል በያት» አለኝ። ሄጄ ነገርኋት።

ይርገዱ ከገንፎው ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሸጋ ነው! እኔ ንግግሩን ስመታ እሱ መጥቶ ልጄን ያጠባልኛላ» አለች።

«ምነው ልጄ፣ አለቃሽን እንዲህ ትያለሽ?» አሏት እናቷ ደንግጠው።

«ጡት የለውማ እማ። ያ ብቻ ነው ችግሩ።»

እኔም ተመልሼ «አሟታል» አልሁት።

እዚያው ሰሞን ጎረቤቷ ቡሽራ አራስ ሊጠይቅ ገባ። ቡሽራ ከአያቱ ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ ከሆኑ የጎንደር ሙስሊሞች የተወለደ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። እሱ ግን ንግዱን ትቶ ከይርገዱ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ትንሽ ሲኒማ ቤት ያስተዳድር ነበር።

«ትኬት ሻጭ አጣሁ» አለ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ። «የነበረችው አግብታ ሳንጃ ከተማ ገባች። ነይና ሥሪልኝ።»

«ልጄን የት ላደርገው?»

«ከአንቺ ጋር ነዋ። ትኬት መሸጫዋ በር አላት። ውስጥ ሕፃን ይተኛ፣ ዝንጀሮ ይተኛ፣ ማን ያያል?»

ደመወዙ ከኛው ጋር እኩል ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እናቷም ቤታቸውን ዘግተው የሚቀመጡት እስከ መቼ ነው? ይርገዱ ብዙ አላሰበችም። ፈቃዷ ሳያልቅ የሥራ መልቀቂያ ጥያቄዋን በእጇ ጽፋ፣ «በሕይወቴ ያለ ካርቦን የጻፍሁት ይህን ብቻ ነው» ብላ አስያዘችኝ።

ጓድ ዳኛው አነበበና ተነሣ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሣ። «አብዮቱን ጥላ ትኬት ልትቀድ!» አለ። በሳምንቱ ውሳኔው ደረሳት፦ ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራዋ ስለማትመለስ፣ በፈቃዱ ጊዜ የተከፈላትን ደመወዝ ሁሉ ትመልስ፤ እስክትመልስ መልቀቂያ አይሰጣትም። ያለ መልቀቂያ ደግሞ ቡሽራ ሊቀጥራት አይችልም። ገንዘቡ እንደሆነ በዶሮና በክርስትና ድግስ አልቋል።

ካሣዬ ቅዳሜ ሲመጣ ነገረችው።

«ተይው፣ ወደ ሥራሽ ተመለሽ» አላት።

«እሺ። ልጁን አንተ አይከል ይዘኸው ትሄዳለህ?»

ካሣዬ ልጁን አየው። ልጁም አየው። ሁለቱም ፈሩ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

እኔ ይርገዱ ስታለቅስ ያየኋት ያን ሰሞን ብቻ ነው። «ገንዘቡ አይደለም» አለችኝ፣ «ወልጄ ስተኛ እንደ ሌባ መቆጠሬ ነው።»

የካቲት 29 ቀን የዓለም ሴቶች ቀን በአዳራሽ ተከበረ። ከበላይ አካል አንዲት ሴት እንግዳ መጥተው መድረክ ላይ ተቀምጠዋል። ጓድ ዳኛው ያንን ንግግር አሰማ፤ «ሴት ለአብዮቱ ተረካቢ ትውልድ ታፈራለች! ልጇ የእሷ ብቻ አይደለም፣ የሰፊው ሕዝብ ነው!» ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ ከኋላ ልጇን የታቀፈች ሴት እጇን አወጣች። ይርገዱ ናት።

«ጥያቄ አለኝ ጓድ። ልጁ የሰፊው ሕዝብ ከሆነ ዕዳው ለምን የእኔ ብቻ ሆነ?»

ጓድ ዳኛው የንግግሩን ወረቀት አገላበጠ።

«የወሊድ ደመወዜን መልሽ ተብያለሁ። ገንዘቡን እኔ በላሁት፤ እኔን ደግሞ ይኸ ጠባኝ። ያለኝ እሱው ነው» ብላ እየተራመደች መጥታ ልጁን ወደ መድረኩ ዘረጋችው። «ተረካቢ ትውልድ ብለዋል፤ ይኸው፣ ይረከቡኝ።»

ልጁ ጓድ ዳኛውን ሲያይ እሪ አለ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ መሳቅ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ቀረሁ። ቀድመው የሳቁት እንግዳዪቱ ናቸው። ከዚያ ማን ይከልክለን! አዳራሹ ተናጋ።

ዕዳው አልተሰረዘም። እንግዳዪቱ ጠይቀው መመሪያ ነው ተባሉ፤ ግን መልቀቂያዋን ወስዳ ከአዲሱ ደመወዟ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንድትከፍል አስወሰኑላት። ጓድ ዳኛውም በበኩሉ ከመሄዷ በፊት ግለ ሂስ እንድታደርግ አዘዘ። ተነሥታ፣ «ሕፃን በስብሰባ ላይ በአካል ማቅረቤ ስህተት ነበር፤ ሁለተኛ ስወልድ በጽሑፍ አቀርባለሁ» አለች። እርምት ተብሎ ተያዘላት።

ሲኒማ ቤት ገባች። ልጁ ከትኬት መሸጫዋ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ማዶ የፊልሙ ጥይት ሲንጣጣ እንቅልፉን ይለጥጣል። ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ እግር አውጥቶ ሄደ፤ ሰፈርተኛውም ዱቤ ብሎ ስም አወጣለት። ካሣዬ በኋላ ወደ ጎንደር ተዛወረ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ጨመሩ። ሁለቱንም ጊዜ ይርገዱ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያችው ክፍል ተመለሰች።

አንድ ቀን፣ «ወደ ቢሮ ሥራ መመለስ አያምርሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እናንተ ዘንድ ሰው ተገዶ ይሰበሰባል» አለችኝ፣ በመስኮቷ ሰልፉን እያሳየች። «እዪልኝማ የእኔን፤ ገንዘቡን ከፍሎ ይጋፋል።»